የከተማ ሞባይል ሽፋንና የማማ ማሻሻያ፦ ምን ይመዝገብ፣ እንዴት ይነበብ?

ማማ_ቆጣሪ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድን ከተማ ሰፈር በሰፈር እየለካን የ4ጂና የ5ጂ ሽፋን ካርታ ለመሥራት ተነሥተናል። የምንፈልገው ሲግናል የት የት እንደሚደክም ማወቅና ኦፕሬተሩ በየትኛው ማማ ላይ ምን እንደጨመረ መከታተል ነው። መሣሪያችን ተራ የአንድሮይድ ስልኮችና እንደ ሴልማፐር ያሉ አፖች ናቸው።

እስካሁን የሰበሰብነው ግን እርስ በርሱ አይገጥምም። በአንድ መንገድ ላይ በዚያው ስልክ የተወሰደ ልኬት አንዴ -78 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ፤ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ጠንካራ ነው)፣ አንዴ -96 ይላል። ሲግናሉ ጠንካራ የሆነበት ቦታ ኢንተርኔቱ ይንቀረፈፋል፣ ደከም ያለበት ቦታ ይፈጥናል። ስልኩ አናቱ ላይ 5ጂ እያሳየ አፑ የ4ጂ ሴል (ማማው በአንድ አቅጣጫና በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሸፍነው ክፍል) ብቻ ይመዘግባል። ማማዎቹም በካርታው ላይ ከእውነተኛ ቦታቸው ርቀው ይቀመጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እዚህ ማሻሻያ ተደርጓል» ብለን ለመጻፍ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚበቃ ማወቅ እንፈልጋለን። አይፎን ይዘው ሊያግዙን የሚፈልጉም አሉ፤ ይጠቅማሉ?

ሴክተር_120

ከልኬታችሁ የጎደለው የሴሉ ማንነት ይመስለኛል። -78ቱም -96ቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስልኩ አንዴ በ800 ሜጋኸርዝ፣ አንዴ በ2600 ሜጋኸርዝ ተያይዞ ከሆነ እንዲህ ያለ ልዩነት የሚጠበቅ ነው። ከአንድ ማማ በእኩል ኃይል ቢለቀቁ እንኳ በገላጣ ቦታ የ2600ው ከ800ው በ10 ዲቢ ያህል ዝቅ ብሎ ይደርሳል፤ መሀል ላይ ግድግዳ ሲገባ ልዩነቱ ይሰፋል። ሁለቱን ደምራችሁ አማካይ ብታወጡ የምታገኙት ቁጥር የየትኛውም ሴል አይደለም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የሎግ መስመር ሰዓት፣ ቦታ ከነስህተት ራዲየሱ፣ የኦፕሬተር ኮድ፣ ቲኤሲ (የአካባቢው ኮድ)፣ የሴል መታወቂያ፣ ፒሲአይ (ሴሉን ከጎረቤቶቹ የሚለይ አጭር ቁጥር) እና የካሪየር ቁጥር (ሴሉ የሚሠራበትን ፍሪኩዌንሲ የሚያመለክት፣ ኢኤአርኤፍሲኤን የሚባለው) ይኑረው። አርኤስአርፒ (የሲግናሉ ጥንካሬ)፣ አርኤስአርኪው (ጥራቱ) እና ኤስአይኤንአር (ሲግናሉ ከረብሻና ከጫጫታ የሚበልጥበት መጠን) ትርጉም የሚኖራቸው እነዚህ ካሉ ብቻ ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ልኬት ከስድስት ወር በኋላ ለምንም ማነጻጸሪያ አይሆንም።

የ4ጂ ሴል መታወቂያ 28 ቢት ነው። የፊተኛው 20 ቢት የጣቢያው ቁጥር ሲሆን የኋለኛው 8 ቢት በጣቢያው ውስጥ ያለው የሴሉ ቁጥር ነው። ለመለየት ለ256 ማካፈል ይበቃል። 25,700,866ን ብትወስዱ ለ256 ሲካፈል 100,394 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ጣቢያው 100394፣ ሴሉ 2 ነው። ያው ጣቢያ በሌላ አቅጣጫ ሴል 1 እና 3፣ በሌላ ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) ደግሞ 11፣ 12፣ 13 ሊል ይችላል። አቆጣጠሩን ኦፕሬተሩ ለራሱ የሚወስነው ስለሆነ ከጥቂት ማማዎች ሠንጠረዥ አውጥታችሁ ልማዱን ተማሩ፤ ኋላ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር ቶሎ ይታያችኋል።

የካሪየር ቁጥሩን ወደ ፍሪኩዌንሲ መመለስም ቀላል ነው። ባንድ 3 ከ1200 ተነሥቶ በ1805 ሜጋኸርዝ ይጀምራል፣ እያንዳንዱ ቁጥር 0.1 ሜጋኸርዝ ይጨምራል፤ ስለዚህ 1300 ማለት 1815 ሜጋኸርዝ ነው። ባንድ 7 ከ2750 (2620 ሜጋኸርዝ)፣ ባንድ 20 ከ6150 (791 ሜጋኸርዝ)፣ ባንድ 8 ከ3450 (925 ሜጋኸርዝ)፣ ባንድ 1 ከ0 (2110 ሜጋኸርዝ) ይነሣሉ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ስመጣ፣ አርኤስአርፒ የሚነግራችሁ የማጣቀሻ ሲግናሉ ምን ያህል ጠንክሮ እንደደረሰ ብቻ ነው። ከ-90 በላይ ጥሩ፣ -100 አካባቢ የሚሠራ፣ ከ-110 በታች ደካማ፣ -120 ሲቃረብ ደግሞ ሊቋረጥ የደረሰ ነው። ፍጥነቱን የሚወስኑት ግን የኤስአይኤንአር መጠን፣ የካሪየሩ ስፋትና የተጠቃሚው ብዛት ናቸው። -80 ዲቢኤም ላይ ቆማችሁ ሁለት ሴክተሮች (ወደየአቅጣጫው የሚያበሩ የማማ ክፍሎች) እኩል ጠንካራ ሆነው ቢደርሱባችሁ ኤስአይኤንአሩ ወደ 0 ዲቢ ይወርዳል፤ ሲግናል ሞልቶ ኢንተርኔት የሚጠፋበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። በአንጻሩ -105 ላይ አንድ ሴል ብቻ ንጹሕ ሆኖ ቢደርስና ኤስአይኤንአሩ 15 ቢሆን በደንብ ይሠራል። ስለዚህ አንድ የሽፋን ካርታ አይበቃችሁም፤ አንዱን በአርኤስአርፒ፣ ሌላውን በኤስአይኤንአር ሥሩ። በመጀመሪያው አረንጓዴ፣ በሁለተኛው ቀይ የሆነው ቦታ አዲስ ማማ የሚያስፈልገው አይደለም፤ የሚያስፈልገው የአንቴና ማስተካከያ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አርኤስኤስአይ እና አርኤስአርፒን በአንድ ዓምድ አታደባልቁ። የመጀመሪያው በጠቅላላው ካሪየር ላይ የተሰበሰበ ኃይል ነው፤ ሁለተኛው ካሪየሩ ከተከፈለባቸው ጠባብ ክፍሎች የአንዲቷ (የአንዲት ንዑስ ካሪየር) ብቻ ነው። በ20 ሜጋኸርዝ ካሪየር ላይ 1200 ንዑስ ካሪየሮች ስላሉ በሁለቱ መካከል እስከ 30 ዲቢ ልዩነት ይታያል። አንዳንድ አፖች ያገኙትን ዲቢኤም ብለው ዝም ብለው ያስቀምጡታል።

ጎዳና_ሎግ

ሴክተር_120 ያለው እንዳለ ሆኖ፣ አለካኩ ራሱ ካልተስተካከለ በዚያው ሴል ላይም 15 ዲቢ ሊለዋወጥባችሁ ይችላል።

ስልኩን ኪስ ውስጥ አታስቀምጡት፤ ሰውነት ብቻውን በርካታ ዲቢ ይውጣል፣ የሚውጠውም እንደ አቋማችሁ ይለያያል። በመኪና ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ ማያያዣ ላይ ይሰቀል። የብረት ሽፋን የተቀባ መስታወት ያለው መኪና ሲግናሉን በጣም ስለሚቆርጥ በእሱ የተወሰደውንና በእግር የተወሰደውን በአንድ ካርታ ላይ አታደባልቁ። የሎግ ፋይሉ ስም ላይ «እግር»፣ «መኪና»፣ «ውስጥ» የሚል ምልክት ይኑር።

ስክሪኑ በርቶ ይቆይ። ስክሪን ሲጠፋ አንድሮይድ የሴል መረጃን ማደስ ያዘገያል፤ መስመሩ የሚቀጥል ቢመስልም የድሮው ዋጋ እየተደገመ አዲስ ቦታ ላይ ይጻፋል። 200 ሜትር ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ ያ ነው፤ ጣሉት። ለአፑ ቦታን የማንበብ ፈቃድ ስጡ፣ የስልኩ የቦታ አገልግሎትም ክፍት ይሁን፤ አለዚያ አንድሮይድ የሴል መታወቂያ አይሰጥም። የባትሪ ቁጠባውንም ለዚያ አፕ አጥፉት።

በየሰከንዱ መዝግቡ፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 11 ሜትር ስለሚጓዝ ለከተማ ይበቃል። የቦታ ስህተቱ ከ30 ሜትር በላይ የሆነውን መስመር አስወግዱ። ረጃጅም ሕንፃዎች መሀል ጂፒኤሱ ከመስታወት ላይ እየነጠረ ወደሌላ ጎዳና ይወስዳችኋል፤ እዚያ ጥቂት ትክክለኛ ነጥብ ከብዙ ጠማማ ነጥብ ይሻላል።

ካርታውን በኪውጂአይኤስ (የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም) ስትሠሩ ነጥብ በነጥብ አትቀቡ። 50 ሜትር የሆነ መረብ ዘርጉ፣ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ለእያንዳንዱ ካሪየር ለየብቻ መካከለኛውን ዋጋ (ሚዲያን) አውጡ። ከ5 ነጥብ ያነሰ ያለው ሳጥን ባዶ ይቅር እንጂ በግምት አይሞላ። ዲቢኤም የሎጋሪዝም መለኪያ ስለሆነ ተራ አማካይ ያሳስታል፤ ሚዲያን ከዚህ ችግር ነጻ ነው።

ስልኮች በመካከላቸው ይለያያሉ። ሁለት ስልኮችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ በተመሳሳይ ሴል ላይ 10 ደቂቃ መዝግቡና የሚዲያናቸውን ልዩነት ያዙ። 4 ዲቢ ከሆነ ያንን በሁሉም መስመር ላይ አስተካክሉ። የኤስአይኤንአሩን ቁጥርም አረጋግጡ፤ አንዳንድ ስልክ በ10 አባዝቶ ስለሚሰጥ 13 ዲቢ 130 ተብሎ ይጻፋል። ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ ሁለተኛው ሲም ብዙ ጊዜ ጎደሎ መረጃ ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ ኦፕሬተር የራሱ ስልክ ቢኖር ይመረጣል። ስልኩ ኦፕሬተሩ የሚጠቀምባቸውን ባንዶች ሁሉ መደገፉንም ከመጀመሪያው ተመልከቱ፤ ባንድ 28ን የማያውቅ ስልክ የባንድ 28 ማስፋፊያን ፈጽሞ አያያትም።

አይፎንን በተመለከተ፦ በስልክ መደወያው ላይ *3001#12345#* ብሎ መደወል የመለኪያ ገጹን ይከፍታል። አፖች ግን ይህን መረጃ ማንበብ ስለማይፈቀድላቸው ያለማቋረጥ ሎግ ማድረግ አይቻልም። አንድን ቦታ ለማረጋገጥ ይጠቅማል፣ ለካርታ ሥራ አይሆንም። አንድሮይድ ላይ *#*#4636#*#* በብዙ ስልኮች ተመሳሳይ ገጽ ይሰጣል።

ልኬታችሁን ወደ ሕዝብ ካርታ ከመስቀላችሁ በፊት የእያንዳንዱን ጉዞ የመጀመሪያና የመጨረሻ 200 ሜትር ቁረጡ። አለዚያ የለካው ሰው የሚኖርበት ቤት በግልጽ ይነበባል። ጥሬውን ፋይል ደግሞ ሁልጊዜ እናንተ ጋ አስቀሩ፤ የሞዚላ የቦታ አገልግሎት በ2024 ሲዘጋ እንደታየው የሕዝብ ማከማቻ ነገ ላይኖር ይችላል።

ማማ_ቆጣሪ

በጣም አመሰግናለሁ፤ የኪሱ ነገርና የስክሪኑ ነገር ብቻውን ብዙ ያስረዳል። የ5ጂው ምልክትና የማማዎቹ ቦታ ጉዳይ ግን ይቀራል።

ባንድ_ፈላጊ

የ5ጂ ምልክት የሽፋን ማስረጃ አይደለም። አብዛኛው 5ጂ መጀመሪያ የሚተከለው በ4ጂ ላይ ተደግፎ ነው (ኤንኤስኤ የሚባለው አሠራር፣ መስፈርቱ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀ)። ስልኩ ቁጥጥሩን ሁሉ በ4ጂ ሴል በኩል ያደርጋል፤ 5ጂ የሚጨመረው ዳታ ሲፈስ ነው። የ4ጂው ሴል «እኔ ዘንድ 5ጂ መጨመር ይቻላል» የሚል ምልክት ያሰራጫል፣ ስልኩም ያንን አይቶ አናቱ ላይ 5ጂ ይጽፋል። አካባቢው የ5ጂ ሲግናል ፈጽሞ ባይደርሰውም ምልክቱ ሊበራ ይችላል። እንዲያውም ምልክቱ መቼ እንዲበራ የሚወስነው በኦፕሬተሩ ቅንብር ስለሆነ በሁለት ኦፕሬተሮች መካከል ማነጻጸር አይቻልም።

ትክክለኛው ፍተሻ ይህ ነው፦ አንድ ትልቅ ፋይል ማውረድ ጀምሩና በዚያው ጊዜ የአፑን ገጽ ተመልከቱ። የ5ጂ ፒሲአይ (ከ0 እስከ 1007)፣ የካሪየር ቁጥርና ኤስኤስ-አርኤስአርፒ (የ5ጂው አርኤስአርፒ) ከታዩ 5ጂው በእርግጥ ተያይዟል። በዚህ አሠራር የ5ጂው ሴል መታወቂያ ባዶ መሆኑ ስህተት አይደለም፤ ስለዚህ የምትመዘግቡት የ4ጂውን ሴል መታወቂያ ከ5ጂው ፒሲአይና ካሪየር ጋር አጣምራችሁ ነው። መታወቂያው 36 ቢት ሆኖ ከታየ ግን ራሱን የቻለ 5ጂ (ኤስኤ) አግኝታችኋል። በዚህኛው የጣቢያው ድርሻ እንደ ኦፕሬተሩ ከ22 እስከ 32 ቢት ስለሚለያይ የ256ቱ ሕግ አይሠራም። የአንድ ማማ ሦስት ሴክተሮችን መታወቂያ ይዛችሁ ለ4096፣ ለ16384 እያካፈላችሁ ሞክሩ፤ ለሦስቱ አንድ ዓይነት ድርሻ ሰጥቶ የጎረቤቱን ማማ ግን የሚለየው ነው ትክክለኛው።

ፍሪኩዌንሲውን አውጡት፣ ብዙ ነገር ይገልጣል። ከ3000 ሜጋኸርዝ በላይ ላለው፣ ከካሪየሩ ቁጥር 600000 ቀንሱ፣ ቀሪውን በ0.015 አባዙ፣ 3000 ጨምሩ። 640000 ከሆነ 3600 ሜጋኸርዝ ነው፤ ሰፊ አዲስ አቅም የሚያመጣው ባንድ ኤን78 ማለት ነው። ከ3000 በታች ከሆነ በ0.005 ማባዛት ብቻ ይበቃል። ውጤቱ 4ጂው ካለበት ባንድ ውስጥ ከወደቀ ኦፕሬተሩ አንዱን ስፔክትረም ለሁለቱም እያካፈለ ሊሆን ይችላል። ያ 5ጂ በካርታ ላይ ሰፊ ሽፋን ያሳያል፣ የሚጨምረው አቅም ግን እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ ሁለቱን 5ጂዎች በተለያየ ቀለም ቀቧቸው፤ በአንድ ቀለም የተቀባ ካርታ አንባቢውን ያታልላል።

ሴክተር_120

ስለ ማማዎቹ ቦታ፦ አፖቹም ሆኑ ኦፕንሴልአይዲ (የሕዝብ የሴል መረጃ ማከማቻ) የሚያስቀምጡት ከልኬቶች የተሰላ ግምት ነው። ሴክተር አንቴና ወደ አንድ ወገን ስለሚያበራ፣ ልኬቶቹም በዋና ጎዳና ላይ ስለሚበዙ፣ ግምቱ ሁልጊዜ ወደ አበራበት አቅጣጫ ይሳባል። ማማዎቹ በካርታው ላይ ከቦታቸው የራቁት ለዚህ ነው።

ማስተካከያው ሦስቱንም ሴክተሮች መለካት ነው። በአንድ ጣቢያ ቁጥር ሥር ያሉት ሦስት ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ በ120 ዲግሪ ስለሚከፈሉ፣ ማማው ሦስቱ የሚገናኙበት ድንበር ላይ ይገኛል። ዙሪያውን ዞራችሁ ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው የምትሸጋገሩባቸውን ነጥቦች በካርታ ላይ አገናኙ። ስልኩ የታይሚንግ አድቫንስ ቁጥር (ከሲግናሉ የጉዞ ጊዜ ርቀትን የሚያሳይ) ከሰጠ ደግሞ ሥራው ይቀላል፤ በ4ጂ አንድ እርምጃ 78 ሜትር ያህል ነው። 6 ካለ ማማው 470 ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቁጥሩ የሚታደሰው ዳታ ሲፈስ ብቻ ስለሆነ ፒንግ (ትናንሽ የዳታ መልእክት) እያስኬዳችሁ ለኩ።

በዚህ ቁጥር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በመሀል ሪፒተር (ሲግናል ተቀብሎ አጉልቶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) ካለ መዘግየቱ እንደ ርቀት ይቆጠራል፤ 5 ማይክሮሰከንድ ብቻ ቢያዘገይ 1.5 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። የገበያ ሕንፃ ወይም ዋሻ ውስጥ አርኤስአርፒው -65 ሆኖ ማማው 2 ኪሎ ሜትር ይርቃል ካለ ሪፒተር ነው። በማማነት ሳይሆን በሪፒተርነት መዝግቡት።

በዓይን ማረጋገጥ ከሁሉም ይበልጣል። ረጅምና ጠባብ የሆኑት፣ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ የሚሆኑት ሣጥኖች የተለመዱት ሴክተር አንቴናዎች ናቸው። ከእነሱ ጎን አጠር ብሎ ሰፋ ያለ፣ ጀርባው የሙቀት ማስወጫ ክንፎች ያሉት አዲስ ሣጥን ከተሰቀለ ብዙውን ጊዜ የ3.5 ጊጋኸርዝ 5ጂ ነው። ከሕዝብ መንገድ ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ግቢ መግባትም ሆነ ጣራ መውጣት አያስፈልግም፣ አደገኛም ነው።

ጎዳና_ሎግ

ወደ ማሻሻያው ማስረጃ ልግባ፤ ከሁሉ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነው። «ማሻሻያ» የሚባለው በሁለት ልኬቶች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእያንዳንዱ ጣቢያ መነሻ መዝገብ ይኑራችሁ፦ ጣቢያ ቁጥር፣ ሴሎቹ፣ ፒሲአይዎቹ፣ ካሪየሮቹ፣ መጀመሪያ የታየበትና መጨረሻ የታየበት ቀን። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የጠፋ ሴል ግን የተጨመረውን ያህል ይናገራል። የ3ጂ ካሪየር ጠፍቶ በዚያው ፍሪኩዌንሲ 4ጂ ከታየ ስፔክትረሙ ተዛውሯል ማለት ነው።

በዚያው ጣቢያ ሥር አዲስ ካሪየር ከታየ ጠንካራ ማስረጃ ነው። የካሪየሩ ቁጥር በ50 ፈቀቅ ካለ ተጠንቀቁ፤ 10 ሜጋኸርዝ የነበረው ወደ አንድ ጎን ሰፍቶ 20 ሲሆን መካከሉ በ5 ሜጋኸርዝ ስለሚሸሽ እንዲህ ይታያል። የጣቢያው ቁጥር ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ መሣሪያው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ቁጥሩ እንደገና ተደልድሎም ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ምልክት እስክታገኙ «ተለውጧል» ብላችሁ ብቻ ጻፉ። የፒሲአይ ወይም የቲኤሲ ለውጥ ብቻውን ማሻሻያ አይደለም፤ የዕቅድ ማስተካከያ ነው።

ስልኩ በአንድ ጊዜ የሚጠቀምባቸውን ተደራቢ ካሪየሮች (ካሪየር አግሪጌሽን) ለማየት ዳታ መፍሰስ አለበት፤ ሥራ ፈትቶ የቆመ ስልክ የሚያሳየው ዋናውን ብቻ ነው። ሙሉ ዝርዝሩን፣ ማለትም ስንት ካሪየር፣ ስንት ሜጋኸርዝ፣ ስንት የአንቴና ንብርብር (በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን የሚላክ የዳታ ፍሰት) እንዳለ ለማየት ሩት በተደረገ (የሲስተሙ ሙሉ ፈቃድ በተከፈተ) ስልክ ላይ ኔትወርክ ሲግናል ጉሩ የሚባለው አፕ ይሻላል። ሩት ያደረጋችሁት ስልክ የባንክ አፖችን ሊከለክል ስለሚችል ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ስልክ ይሁን።

የፍጥነት ፈተናን ለማስረጃነት ብዙ አትመኩበት። ምሽት ላይ 12 ሜጋቢት የነበረ ሴል ሌሊት 90 ቢሰጥ የተሻሻለ ነገር የለም፤ ተጠቃሚው ተኝቶ ነው።

ባንድ_ፈላጊ

በመጨረሻው አልስማማም። ፈተናው ጣሪያውን ለማወቅ ከዋለ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ20 ሜጋኸርዝ ካሪየር ላይ ሁለት የአንቴና ንብርብርና 64ኳም (ዳታ በሲግናል ላይ የሚጫንበት ዘዴ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ብዙ ይጭናል) ያለው 4ጂ ከ150 ሜጋቢት አያልፍም፤ 256ኳም ሲጨመር ወደ 200 ይጠጋል፤ አራት ንብርብር ሲሆን ወደ 400። ሌሊት፣ ኤስአይኤንአሩ ከ25 በላይ በሆነበት ቦታ፣ አንድ ካሪየር ብቻ ተይዞ 260 ከተለካ ያ ማማ አራት ንብርብር አለው፤ በሌላ መንገድ ሊደርስበት አይችልም። ሁልጊዜ ከአንድ ሰርቨር፣ በብዙ ግንኙነት የሚያወርድ ፈተና ተጠቀሙ። ፓኬጃችሁንም አስቡ፤ በ500 ሜጋቢት ፍጥነት 10 ሰከንድ ማውረድ 625 ሜጋባይት ይበላል።

ጎዳና_ሎግ

ለጣሪያው ከሆነ ልክ ነህ። እኔ ያልኩት በተለያየ ሰዓት የተለካን ስለሚያነጻጽሩት ነው። ሁለቱ በመዝገቡ ላይ ይለዩ፤ «ሌሊት ጣሪያ» እና «ምሽት ጭነት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች።

ማማ_ቆጣሪ

አንድ ጥያቄ ብቻ። አዲስ አንቴና ሲሰቀል በዓይናችን ባየነው ማማ ሥር አርኤስአርፒው ከበፊቱ በ6 ዲቢ ወርዷል። ተበላሽቶ ነው?

ሴክተር_120

የግድ አይደለም። አዲስ አንቴና ሲሰቀል ብዙ ጊዜ ወደ ታች የሚያዘነብልበት ዲግሪም ይለወጣል፤ ራቅ ያለው ቦታ ሲግናል ሲቀንስበት በጎረቤት ሴል ላይ የነበረው የሲግናል ረብሻ ይቃለላል። የማጣቀሻ ሲግናሉ ኃይልም በአዲስ መልክ ሊከፋፈል ይችላል። ከማማው በ150፣ በ400 እና በ900 ሜትር ርቀት፣ በአንድ ሴክተር ፊት ለፊት ለኩ። በ900 ሜትር ብቻ ወርዶ ኤስአይኤንአሩ በአካባቢው ከጨመረ ዝንባሌው ነው። በሦስቱም እኩል ከወረደና ኤስአይኤንአሩ ካልተሻለ የኃይል ቅነሳ ወይም የኬብል ችግር ሊሆን ስለሚችል ለኦፕሬተሩ ማመልከት ይገባል፤ ስታመለክቱ የጣቢያውን ቁጥር፣ ሴሉን፣ የካሪየሩን ቁጥርና የሁለቱን ቀን ሚዲያን አብራችሁ ስጡ። አንዱ ሴክተር ብቻ ከወደቀ ደግሞ ሁለት ሴክተሮች ኬብላቸው ተቀያይሮ እንደሆነ ተመልከቱ፦ ሴል 1 ይታይ የነበረበት አቅጣጫ አሁን ሴል 2ን ያሳያል፣ ሴል 2 የነበረበትም ሴል 1ን። ከሎጋችሁ ላይ የሁለቱን ሴሎች የቀድሞና የአሁን ነጥቦች ደርባችሁ ስታዩ ወዲያው ይለያል።